ይድረስ ለክቡር ‹‹የለም››

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር… አይ፣ ይሄስ ውሸት ነው። ለመናፈቅ መጀመሪያ መለያየት ያስፈልጋል። እኛ መቼ ተለያይተን እናውቃለን? ተረኛ በሆንኩ ሌሊት ሁሉ ከድንገተኛ ፋርማሲው መስኮት ኋላ አብረን ነው የምናድረው። በአንቱታ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፣ ያው ግቢው ውስጥ ካንተ በላይ ባለሥልጣን ስለሌለ። ግን አንድ ወንበር ላይ እየተጋፉ አድሮ አንቱ መባባል አያምርም።

እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነው የምጽፈው። ስፔሻሊስቱ ስንት ዓመት ተምሮ፣ አውጥቶ አውርዶ መድኃኒት ያዛል። ሬዚደንቱ ይጽፋል። እኔ መጠኑን አያለሁ፣ ኩላሊታቸውን እጠይቃለሁ፣ ከሌላው መድኃኒት ጋር ይጣላ እንደሆነ አጣራለሁ። ከዚያ አንተ ትመጣና በአንዲት ቃል ሁላችንንም ትሽራለህ። ፈቃድ የለህም፣ ፈተና አልወሰድክም፣ ጋዎን እንኳን ለብሰህ አታውቅም። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ያንተ ነው።

ባለፈው ሰሞን ያደረግከውን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አንድ አባት ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቶ ግፊታቸው ወርዷል። ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ አልነሳም አለ። ግፊት የሚያነሳው ኖርአድሬናሊን ታዘዘ። እንዲህ ባለው ሾክ የትም አገር ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው፣ አማካይ ግፊቱን 65 ለማድረስ። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ጋ መጣ። የመድኃኒቱ ቀሪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አየሁ፣ 12 ይላል። መደርደሪያውን አየሁ፣ አንተ ተቀምጠሃል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

‹‹እስቲ ደህና አድርገህ እየው፣ ወንድሜ›› አለኝ ልጁ።

ደህና አድርጌ አየሁ። መደርደሪያውን በእጄ ሁሉ ዳበስኩት። ሰው መስኮት ላይ ቆሞ እያየህ ስትፈልግ ቢያንስ ፈልጓል ይባላል። ከዚያ ያንን የታወቀ ቃል ተናገርኩ፣ ‹‹ከውጭ ሞክር››። ልጁ ራይድ ጠርቶ ወረቀቷን ይዞ ወጣ። ወላጅ አባቱ እዚያ ተኝተው፣ እሱ በጨለማ የተዘጋ ፋርማሲ በር ሲያንኳኳ አደረ።

ከውስጥ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ተጀመረ፣ አንተ በሊቀመንበርነት። ዶክተሩ ደወለ። ‹‹ዶፓሚንስ?›› አለኝ። ዶፓሚንማ አለ፣ እሱም ግፊት ያነሳል። የማይፈለገውን ትተህ የሚፈለገውን መብላት ታውቅበታለህ። ችግሩ የእኚህ አባት ልብ ቀድሞውኑ እየዘለለ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 በታተመ አንድ ጥናት 1,679 በሾክ ላይ ያሉ ሕመምተኞች ታይተው፣ የልብ ምት መዛባት ዶፓሚን በወሰዱት ላይ ወደ 24 በመቶ፣ ኖርአድሬናሊን በወሰዱት ላይ ወደ 12 በመቶ ነበር። እጥፍ ነው። ያንን አስበን ወደ አድሬናሊን ዞርን።

እሱም ቢሆን ልብ ማስሮጡ አልቀረም፣ ግን ዶክተሩ ከሁለቱ እሱን መረጠ። አድሬናሊን ስቆጥር 14 አምፑል ነው፣ እያንዳንዱ 1 ሚሊግራም። ስምንቱን 500 ሚሊ ሊትር ከረጢት ውስጥ ብንጨምር ስድስት ይቀራል። በዚያው ሌሊት የሌላ ሰው ልብ ቀጥ ቢል አንድ አምፑል በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃው ይሰጣል። ስድስቱ ቢበዛ ለግማሽ ሰዓት ነው፣ ቢፈጥን ለ18 ደቂቃ። እና አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንድ እጁ ካልኩሌተር ላይ፣ ለማይታወቅ ሰው ልብ 18 ደቂቃ ያስቀምጣል። የትኛው ትምህርት ቤት ነው ይሄን ያስተማረኝ? ያንተ።

ከዚያ ኪሎ መጣ። መጠኑ በኪሎ ነው የሚሰላው። ‹‹ስንት ኪሎ ናቸው?›› ብዬ በስልክ ጠየቅሁ። ሲስተር እህታቸውን ጠየቀች። እህታቸው፣ ‹‹ኧረ ልጄ፣ እሱ መቼ ተመዝኖ ያውቅና! ግን ሞላ ያለ ነው›› አሉ። ሞላ ያለ ስንት ኪሎ ነው? ዶክተሩ በዓይኑ መዝኖ 60 አለ። በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም በኪሎ ብለን ስንጀምር 6 ማይክሮግራም ይሆናል። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ አይ ሲ ዩ፣ አልጋ ቢኖር ማሽኑ እየለካ ያወርደው ነበር። አልጋስ? ያው አንተ። እዚያም ተኝተሃል። ስለዚህ በጠብታ ይቆጠር ተባለ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሞላው መስመር ሳሰላው በደቂቃ ሰባት ጠብታ ተኩል ወጣልኝ።

ተኩል! ግማሽ ጠብታ እንዴት እንደሚወርድ ከቻልክ ጻፍልኝ። ሲስተር፣ ‹‹አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት አደርገዋለሁ፣ ግፊቱን እያየሁ›› አለች። በአንድ እጇ ማስተካከያውን ይዛ፣ በሌላው ስልኳን አብርታ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስትቆጥር ሄጄ አየኋት። ጸሎት ይመስል ነበር። ሳይሆንም አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አንተን ብቻህን ልወቅስህ አልችልም፣ ጡት ካጠቡህ አንዱ እኔ ነኝ። በየሁለት ወሩ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ እንሞላለን። 200 ብለን ስንጠይቅ 40 ይመጣል። በሚቀጥለው 400 ብለን እንጽፋለን፣ ቢያንስ 80 እንዲደርሰን። ሁሉም ሆስፒታል እንደዚያ ሲጽፍ፣ እዚያ ማዶ መድኃኒቱን የሚያከፋፍለው ሰው የትኛው ቁጥር እውነት እንደሆነ በምን ይወቅ? ውጭ ምንዛሬውም፣ ጨረታውም፣ የዘገየው ጭነትም አለበት። ግን በውሸት ቁጥር አንተን አፋፍተን ያሳደግንህ እኛም ነን። የዕቃ ማውጫውን ሞዴል 22 ፈርመው ያወጡትን አምፑል ‹‹ለክፉ ቀን›› ብለው መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፉም አሉ። ያ 12ም ምናልባት የሆነ ዎርድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው ዕረፍት ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጠባይህ ነው። ጎስቋላ አስታማሚ ሲመጣ ቆፍጣና ነህ፣ ‹‹የለም›› አለቀ፣ ደቀቀ። ከቢሮ ስልክ ሲደወል፣ ‹‹የእገሌ እናት ናቸው›› ሲባል፣ ድምፅህ ይለሰልስና ‹‹ቆይ እስቲ ልየው›› ትሆናለህ። አንዳንዴ እንዲያውም ‹‹አንድ ተገኝቷል›› ትሆናለህ። የት ነበር? ማን ፈልጎ አገኘው? እኔ ያን መደርደሪያ በእጄ ዳብሼው የለ እንዴ?

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አራት ፋርማሲ ተዘዋውሮ፣ በአራተኛው ሁለት አምፑል ኖርአድሬናሊን በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዝቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ ይዞት። ‹‹ፍሪጅ ይፈልግ እንደሆነ አላወቅኩም፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው የመጣሁት›› አለኝ። አይፈልግም። አልነገርኩትም፣ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ የተንቀጠቀጠበትን ነገር ከንቱ ነው አይባልም። የአባቱ አማካይ ግፊት 65 ነካ ነካ እያደረገ ነበር። ሁለቱ አምፑሎች፣ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊግራም ስለሆኑ፣ በዚያው መጠን ከሄዱ ወደ 22 ሰዓት ያቆያሉ። ‹‹ለዛሬ ይበቃል›› አልኩት። ነገን አልጠየቀኝም፣ እኔም ዝም አልኩ።

ደብዳቤዬ ረዘመ፣ ይቅርታ። መልስህን አልጠብቅም፣ መልስህን አውቀዋለሁ። ልደመድም ስል ስልኩ እየጮኸ ነው። ከአይ ሲ ዩ ነው፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ስንት እንደቀረ ሊጠይቁ።

አንተ ታነሳዋለህ ወይስ እኔ ላንሳው?

አብሮህ የሚያድረው፣
ተረኛው ፋርማሲስት