ዱቤ ደብተርና ክሬዲት ካርድ

አሜሪካ ያለ አበሻ "ቢል በዛብኝ" ሲል ይውላል። ካርዱ ላይ ስንት ዕዳ እንዳለበት ግን ለሚስቱም አይነግርም።

አዲስ አበባ ላይ ዕዳ መደበቅ ከባድ ነው። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ደብተር ላይ ስም አለ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ከነዋጋው ይጻፋል። ሲከማች ባለሱቁ የተላከውን ልጅ "እስቲ እናትህን ጥራልኝ" ይለዋል። አለቀ! ከዚያ ወዲያ እናትየው እስክትከፍል ድረስ በሌላ መንገድ ነው የምትዞረው። ወለድ የለ፣ ውል የለ፤ የሚይዛት ይሉኝታ ብቻ ነው። ባለሱቁ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለዱቤ ደንበኛ ዋጋ ላይ ጣል የሚያደርግም አለ። ግን ይሉኝታው ይዟት እናትየው ስኳሩን ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ታወርደው ነበር።

የዚያች እናት ልጅ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ጠያቂ የለበትም። ካርዱን ነካ ያደርጋል፣ ይወጣል። ባንኩ በወሩ መጨረሻ "ሚኒመም ክፈል"፣ ማለትም ቢያንስ ይህቺን ታህል ክፈል፣ ይለዋል፤ እሱም ይከፍላል፣ የተገላገለ ይመስለዋል። 5,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 22 በመቶ ቢታሰብ የወሩ ወለድ ብቻ 92 ዶላር ገደማ ነው። 140 ዶላር ቢከፍል ከዋናው ዕዳ የምትነሳው 48 ዶላር ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ ባንኮችን "ሚኒመም ብቻ እየከፈልክ ዕዳው በስንት ዓመት ያልቃል" የሚለውን ቢሉ ላይ እንዲጽፉ አስገድዷል። ተጽፏል። ማን ያነበዋል?

በዚያ ላይ አገር ቤት "ዶላር አለው" ነው የሚባለው። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና ላክ ይባላል። ከካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚልክ አለ። የዚህ ወለድ ደግሞ የወር መጨረሻ አይጠብቅም፤ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ተቀባዩ ይህን ከየት ያውቃል?

እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ እቁብ የሚጥሉ አሉ። ዕጣ ሲደርሳቸው የካርድ ዕዳቸውን ይዘጉበታል። ያለ ወለድ ነው፣ ዋስ አለበት፣ ካልጣልክ ማኅበሩ ቤትህ ይመጣል። አስቂኙ ነገር፣ ዓመታት ሙሉ እቁብ ሳያጓድል የጣለ ሰው አበዳሪዎች ለሚያዩት የክሬዲት ነጥቡ አንዲትም አይጨመርለትም። ነጥብ የሚያገኘው ተበድሮ ሲከፍል ነው።

አሁን ደግሞ አገር ቤትም ደብተሩ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ሲጀምር ገንዘብ መላኪያ ነበር፤ ኋላ "መላ" የሚባለው ብድርና ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው "እንደኪሴ" መጡ። የሰፈሩ ሱቅ "ዱቤ የለም" ብሎ ለጥፎ፣ ዳሸን ባንክ አገልግሎቱን "ዱቤ አለ" ብሎታል። ዕቃ ለጎደለባት ነጋዴ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ቅዳሜን በብድር የሚያሳልፈው ደሞዝተኛ ነው። ልጁን ልኮ "ጥራልኝ" የሚል ባለሱቅ የለበትም። "ትንሽ ናት፣ ደሞዝ ሲገባ ራሱ ይቆርጠዋል" ይሉኛል ዘመዶቼ። ይቆርጠዋል እርግጥ ነው። የጎደለው ደሞዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅና እንደገና ስልክ መነካካት ይመጣል።