እድርተኛው በቪዲዮ ቀበረ

የእድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የጠፋ ብርጭቆ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ በሞቅታ ያለ ለቅሶ ጡሩምባ የነፋ፣ ሁሉንም መዝግቤያለሁ። ባለፈው እሁድ የመጣው አጀንዳ ግን የት ዓምድ እንደሚገባ ጠፋኝ። ሜሪላንድ የሚኖር አባላችን የጎረቤቱን ቀብር በቪዲዮ ተከታትሎ ሲያበቃ፣ «ተገኝቻለሁና የቀሪ ቅጣት አይመለከተኝም» ብሎ አመለከተ።

ዳኛችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«አፈር አልብሷል?»

«አላለበሰም።»

«ወንበር ተሸክሟል?»

«አልተሸከመም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተገኘው?»

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የማያጣው የእህቴ ልጅ ነው። ሶሲዮሎጂ ይማራል፤ እኔ ቤት ሲመጣ ምሳውን በልቶ ቡናው እስኪፈላ ዓለምን ያስረዳኛል። አንቶኒ ጊደንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መጽሐፍ፣ በዘመናዊነት የሰው ግንኙነት ከሰፈሩ ተነቅሎ አገርና ዘመን አቋርጦ ይዘረጋል ብሏል አሉ። የነገሩ መነሻ ደግሞ ሰዓት ነው፤ ዓለም አንድ ዓይነት ሰዓት ሲቆጥር ጊዜ ከቦታ ተላቀቀ።

የእኛን ሰዓት ማን ይንገረው! ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ቀብር 9 ሰዓት» ብዬ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። የሜሪላንዱ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት የፈረንጅ ሰዓት ያሰረ፣ በአዲስ አበባ ጠዋት መስሎት ሰባት ሰዓት ቀንሶ ከሌሊቱ ስምንት ላይ ተነሣ። ጥቁር ሸሚዙን ለብሶ፣ መብራት አብርቶ ስልኩ ፊት ተቀመጠ። እኛ ዘንድ ገና ድንኳን እየተወጠረ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ!

የእህቴ ልጅ ሌላም ይጨምራል። ዚግመንት ባውማን የሚባል ሌላ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ዘመኑ ፈሳሽ ሆኗል፣ ቅርጹን ይዞ የሚቆይ ነገር የለም ብሏል፤ እሱን ለብርጭቆዎቻችን ትቼዋለሁ። ጆርጅ ሪትዘር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ግን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዓለም የሃምበርገር ቤት አሠራር እየያዘ ነው፣ ቅልጥፍና፣ ስሌት፣ ተገማችነትና ቁጥጥር ሰፍኗል ያለው አስቆኛል። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን እያንዳንዱ ማንኪያ እጀታ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብተዋል። ሲወጣ ይቆጥራሉ፣ ሲገባ ይቆጥራሉ፤ አንድ ከጎደለ የሟች ልጅም ብትሆን ቦርሳዋ ይፈተሻል። ሃምበርገር ቤቱ መጥቶ ቢማር ይሻለዋል።

ሰውዬው ራሱ ይናገር ተባለና ደውለን ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ጋሼ» አለ ለዳኛው፣ «ከእናንተ ውስጥ ከቀብሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተገኘ ማን አለ?»

ዝም።

«እዚህም እድር አለኝ። እዚህ ስሞት ሬሳዬን አሳፍሮ ይልካል። የሚቀበለኝ ድንኳን ግን የእናንተ ነው። እኔ ሩቅ ነኝ ካላችሁኝ፣ ያኔ ማን ሊቀብረኝ ነው?»

ዳኛችን መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከኋላ አንድ ሰው «እውነቱን ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ ቅጣቱ በዶላር ይሁን በብር እያለ ምንዛሪ ሊያሰላ ስልኩን አወጣ። በመጨረሻ ለእንባው ግማሹ ይማርለት፣ ለአካፋው ግማሹን ይክፈል ተባለ።

ደብተሩን ልዘጋ ስል የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እጃቸውን አወጡ።

«ቪዲዮውን የያዘው ማን ነበር?»

የእህቴ ልጅ ነበር። ወገቤን አሞኝ ስለነበር ቀብሩ ላይ የወከልኩት እሱን ነው።

«በሁለት እጁ ስልክ ይዞ ቆሞ አይቼዋለሁ» አሉ፤ «አካፋ በየትኛው እጁ ያዘ?»

ዳኛችን ወደ እኔ ዞሩ። ብዕሩ እጄ ላይ ነው። በሜሪላንዱ ሰውዬ ስም ሥር የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ትይዩው፣ ግማሽ።