ከምንጣፉ አበባ ይልቅ ጥላውን

የፋርስ ምንጣፍ አነሳስቶት ሕንጻ የሚነድፍ አርክቴክት ብዙ ጊዜ የሚቀናው አንድ ነገር ነው። የምንጣፉን አበባ ገልብጦ ሕንጻው ፊት ላይ ይለጥፋል። ይሄ ነገር በጣም ይከነክነኛል። ምንጣፉ ከዚያ የበለጠ የሚሰጠው አለው።

ቴህራን፣ ላሌህ ፓርክ ዳር ሁለት ሙዚየሞች አሉ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው። አንዱ አብዱልአዚዝ ፋርማንፋርማያን የነደፈው የምንጣፍ ሙዚየም ነው። ውጪው የምንጣፍ መሸመኛ ይመስላል፤ ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን ገና ሳያስገባ እንደሚታየው። ለዓይን ብቻ ግን አይደለም። ያ ክፍትፍት ያለ መዋቅር ከግድግዳው ፊት ቆሞ ጥላ ይጥልበታል። ሰኔና ሐምሌ እዚያ ዝናብ ሳይሆን የሚለበልብ ፀሐይ ነው። መሸመኛው ግድግዳውን ከዚያ ፀሐይ ይከልለዋል።

ሁለተኛው ካምራን ዲባ የነደፈው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኮንክሪቱ ሳይሸፈን እንዳለ ይታያል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ጎበጥ ያሉ ማማዎች መነሻቸው ባድጊር ነው። ባድጊር ማለት ነፋስ ያዥ ማለት ነው። ያዝድን በመሰሉ በረሃማ ከተሞች ከቤት አናት ላይ ቆሞ ነፋሱን ወደ ውስጥ ያወርዳል። ዲባ ቅርጹን ወሰደና በነፋስ ፈንታ ብርሃን አስያዘው። ክፍሎቹ ደግሞ ሐውልቶች የቆሙበትን ግቢ ከበው ነው የተሠሩት።

ይህ ግቢ የመጣው ከሩቅ ነው። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ከተማው ፓሳርጋዴ ላይ የአትክልት ስፍራውን በድንጋይ ቦይ ውሃ ያጠጣ ነበር። ፋርሶች ቻሃር ባግ የሚሉት፣ ውሃ አራት ቦታ የሚከፍለው አትክልት ስፍራ ነው። ከላይ ሆነው ቢያዩት ምንጣፍ ነው። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ያለ አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ምንጣፍ ላይ ቦዩም፣ ዓሣውም፣ ዛፉም አለ። ዙሪያው የታጠረውን ቦታ የጥንቶቹ ኢራናውያን ፓይሪዳኤዛ ይሉት ነበር። ግሪኮች ቃሉን ወሰዱት፤ ኋላም መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎም ኤደንን ጠሩበት። እኛም ገነት ስንል አትክልቱንም ሰማዩንም ማለታችን ነው። ይህን ቃል ሳስብ ደስ ይለኛል።

ኮንክሪት ስሜት የለውም የሚሉትን አልቀበልም። ሲፈስ እንደ ጭቃ ነው፤ የሰጡትን ቅርጽ ሁሉ ይይዛል። አበባ ከሰጡት አበባ ይዞ ይደርቃል። ጥላና ብርሃን ከሰጡት ደግሞ እነዚህን ሙዚየሞች ይሆናል። ስለዚህ በፋርስ ምንጣፍ ስም ንድፍ ይዞ ለሚመጣ አርክቴክት ጥያቄዬ አጭር ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥላው የት ይወድቃል? ውሃውስ በየት በኩል ያልፋል?