ጥንቸል ካልሸተተው የማይጮኽ ውሻ

እዚህ መንደር አራት ዓመት ስኖር በሬን ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም። ባለፈው ሚያዝያ ግን ባንድ ምሽት 11 ሰው መጣ። ለእኔ እንዳይመስላችሁ። ለውሻ ነው።

የምኖረው ስዊድን፣ ከጎተንበርግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን ጫካ በሆነ መንደር ነው። ጎረቤቴ 80 የደፈኑ ሽማግሌ ናቸው። በስሜ ጥራኝ ይሉኛል። እዚህ አገር አንቱታ የሚባል ነገር የለም። አፌ እሺ ስላላለኝ በልቤ "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ሆስፒታል ሲገቡ ውሻቸውን አደራ አሉኝ። አደራ ከተባለ ምን ይባላል? ተቀበልኩ።

ዘሩ ሃሚልተን ስቶቫረ ይባላል፣ የስዊድን አዳኝ ውሻ ነው። መቼም ሲያዩት ያምራል። ጀርባው ኮርቻ የጫነ ይመስል ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱና እግሩ ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ። ደረቱና የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነው። አራቱንም እግሩን ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ወንዱ እስከ ትከሻው 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል። ፈረስ ቢሆን ኖሮ አገራችን ዘፈን ይወጣለት ነበር።

ስሙ ደግሞ ቦሴ ነው። ቦሴ እዚህ የሰው ስም ነው፤ መሥሪያ ቤቴም አንድ ቦሴ አለ። የዘሩ ስም የመጣው ከአዶልፍ ፓትሪክ ሃሚልተን ነው፤ በፈረንጆቹ 1889 የስዊድንን የውሻ ክለብ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። በፊት "የስዊድን ስቶቫረ" ይባል ነበር። በ1921 ለእሳቸው መታሰቢያ ብለው ቀየሩት። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ የቦሴን የዘር ሐረግ ወረቀት ዘርግተው ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ሁሉም ከነተወለዱበት ቀን። እኔ መታወቂያዬ ላይ የተወለድኩት ጃንዋሪ 1 ነው። የማውቀው አበሻ ግማሹ እንደዚያው ነው። ሰባት ቤት ቁጠር ብባል አምስተኛው ላይ እወድቃለሁ።

ያናደደኝ ግን ባሕሪው ነው። አይጮኽም! ፖስተኛው ይመጣል፣ ጅራቱን ይቆላል። የማያውቀው ሰው በር ይከፍታል፣ ሄዶ እግሩ ላይ ይደገፋል። የመጀመሪያው ቀን ታሟል ብዬ ነበር። እኛ እኮ "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ኮተቤ እቤታችን የነበረው ጃክ ቀን ታስሮ ውሎ ማታ ይፈታል። በሩ ላይ "ከኃይለኛ ውሻ ይጠንቀቁ" ተብሎ በቀይ ተጽፏል። የተረፈ እንጀራ በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ደሞዙን ያወራርዳል። ይሄኛው በሚዛን የተለካ ምግብ በቀን ሁለቴ እየበላ ድምፁን አልሰማሁም።

ጃክን ያሰርነውን ያህል እዚህ ብታስር ይከሱሃል። ውሻ ውጭ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይታሰርም። ቀን ላይ ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ መውጣት አለበት። ሕግ ነው። እኔ ሥራ ቦታ ስድስት ሰዓት ሽንት ቤት ሳልሄድ የምውልበት ቀን አለ። ማን ይጠይቅልኛል?

እንግዲህ አንድ ቀን ጫካ ይዤው ሄድኩ። ገመዱን እየጎተተ ሲያለከልክ አሳዘነኝና ፈታሁት። አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ሁለት ዙር ዞረ። ከዚያ ጮኸ። የጃክ ዓይነት ጩኸት እንዳይመስላችሁ። ረጅም ነው፣ ዜማ አለው፣ አያቋርጥም፤ የለቅሶ ቤት አልቃሽ ነው የሚመስለው። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ለካ ቦሴ የሚጮኸው የጥንቸል ዱካ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሥራው እሱ ነው። ብቻውን ያሳድዳል። ጥንቸሏ ዞራ ዞራ ወደ ተነሳችበት ትመለሳለች፣ አዳኙ ቆሞ ድምፁን እየሰማ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ልፋት እኛ በአፋችን ለማናዞራት ጥንቸል!

ስጠራው ሲመሽብኝ ለጋሼ ደወልኩ። እሳቸው ለማን እንደደወሉ እንጃ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 11 ሰው ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ ደጃፌ ቆመ። አንዷ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ስንገናኝ ሁሌ ስልኳን የምታይ ሴትዮ ናት። "ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 ውሻ ጫካ ውስጥ እንደማይለቀቅ አታውቅም?" አለችኝ። የዱር እንስሳት የሚወልዱበት ጊዜ ነው። አላውቅም ነበር። ቀጥላ "ጃኬትህን አውልቅ" አለች። ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። የፈታሁት ቦታ ላይ አንጥፌው እንድሄድ ነው፤ ውሻው ወደዚያው ይመለሳል አለች። በዚያ ብርድ በሹራብ ተመለስኩ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስደርስ ቦሴ ጃኬቴ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ከቶ ተኝቷል።

ጃክ አንዴ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ማንም አልፈለገውም። እማዬ "ሲርበው ይመጣል" አለች፣ መጣ። እኔ ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ግን ቤታችን በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ያኔ ችግራችን ሰው እንዳይነክስ ጃክን ማሰር ብቻ ነበር። እዚህ ባለፈው ክረምት አሥር ቀን በጉንፋን ተኝቼ የመጣልኝ የመብራት ሒሳብ ነው።

ጋሼ አሁን ድነው ተመልሰዋል፣ ቦሴም እቤቱ ገብቷል። ሴትዮዋን ትናንት ፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኘኋት። ስልኳን ኪሷ ከተተች። መጀመሪያ እግሬ ሥር አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ "ቦሴ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"እግዜር ይመስገን" አልኳት፣ በአማርኛ።