ይድረስ ለክቡር ሪፈር ወረቀት፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ አቦ» ብለን ነው የምንጠራው። እርስዎን ግን አንቱ ማለት ግድ ሆነብን። ያለ እርስዎ በሩ አይከፈትማ!

እማዬ አሸዋ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። ስኳርም ግፊትም አለባት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ ሳታዛንፍ ትከፍላለች። «ከከፈልኩ ቀጥታ ሆስፒታል ልሂዳ» አለች። የለም! መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ እርስዎ፣ ከዚያ ሆስፒታል። እርስዎን ዘላ ከሄደች ከኪሷ ታወጣለች።

ነገሩን ያስረዳት ጎረቤታችን፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ነው። «ከድሬ ተነስቶ ኤረር ሳይደርስ አዋሽ የገባ ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ወዲያው ገባት። እውነቱን ለመናገር፣ ለጉንፋኑ ሁሉ ሆስፒታል ብንጎርፍ እሱም አያዛልቅም።

እሱ ራሱ ግን የተሳፈረው ሌላ ሃዲድ ላይ ነው። ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበው ማህበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ታወጀ። የእማዬ ዓይነቱ በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። «የእኔ ቀድሞ ፊሽካ ነፋ፣ ያንቺ ቀድሞ ተነሳ» ይላታል። ምስኪን፣ ጡረታ ወጥቶም ባቡር ሲጠብቅ ከረመ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ንዳድ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ይዘንዎት ሆስፒታል ሄድን። «ማህተሙ ደብዝዟል፣ ተመለሱ» ተባልን። ተመለስን። ማህተም ያዡ ምሳ ወጥቷል። የድሬን ምሳ መቼም ያውቁታል፤ እንቅልፍም አለበት።

በማግስቱ ማህተምዎ ደመቀ። ጽሑፍዎ ግን ወይ ፍንክች! እማዬስ ሰበብ አላት፤ መድኑ መነጽር አይሸፍንም። የእኔ ዓይን እኮ ደህና ነው። አገላብጬ፣ ዘቅዝቄ አየሁዎት፤ የዶሮ ጭረት ነዎት። ሊያነብዎት የቻለው የመድኃኒት ክፍሉ ልጅ ብቻ ነው። አንብቦ፣ አንብቦ «የለም» አለን። ከውጭ ገዛን።

አሁን እማዬ ላብ እንዳይነካዎት በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ይዛዎታለች። እኛን ልጆቿን እንኳ እንዲህ አልተሳሳችልንም። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለን። ባጃጁን 1 ሰዓት ላይ በር ላይ አቆመዋለሁ። እባክዎ እስከዚያ ማህተምዎ አይደብዝዝ።