ይድረስ ለባለ ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ

ጉዳዩ፦ ስለ ጉልበታችን

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ሌላ የትም አይሄዱማ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ላይኛው ፎቅ ነው። የፊቱ ወንበር፣ ሰፊው መስታወት፣ ከተማው ከላይ ሲታይ፣ ምናምን። ስለ እርስዎ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ግን በቃኝ። አንድ እጄ ቦርሳ ይዞ፣ ሌላው ብረቱን እየፈለገ፣ እግሬ ልክ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ እኔም የማላውቀውን ሰው ትከሻ አቅፌ እገኛለሁ። ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። እርስዎ ምን ተዳዎት!

ድሮም ደህና አመል አልነበረዎትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ በፈረስ የሚጎተተው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሰው መጫን ሲጀምር፣ ገና ደረጃ እንኳን አልሆኑም፤ ከኋላ የተለጠፉ መሰላል ቢጤ ነበሩ። ረጅም ቀሚስ ለብሶ በእርስዎ መውጣት የማይታሰብ ነው። በኋላ ጠመዝማዛ ደረጃ ሆነው ሴቶችም መውጣት ሲጀምሩ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ከመንገድ እንዳይታይ ተብሎ በጎን በኩል ሳንቃ ተመታ። ሳንቃው ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጠፈ (ነጋዴ መቼ ይተኛል)። በ1910 የመጣው ቢ-ታይፕ የተባለው ባለ ሞተር አውቶቡስም ጣሪያው ክፍት፣ እርስዎም ውጭ፤ ዝናብ ሲመጣ አስቡት። በ1920ዎቹ ላይኛው ፎቅ መከደን ጀመረ፣ እርስዎንም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ አስገቡዎት። ቤት ሲገባ አደብ ይገዛል ብለን ነበር።

አውቶቡሱን አልወቅስም። ብሪታንያ ውስጥ ላይኛው ፎቅ ሙሉ ሰው የሚያህል ክብደት ተጭኖበት ለሙከራ 28 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነብሉታል፣ አይወድቅም። እኔ ግን አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ቆሞ እያለ እወድቃለሁ።

ፌርማታ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። የሚወርደውና የሚወጣው መሀልዎ ላይ ይፋጠጣሉ። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባባሉ በሩ ይዘጋል። ለንደን በ2002 መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ረጅም አውቶቡስ አመጣች፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ተገላገልን ስንል እሱም መንገድ ዘጋ ተብሎ ተወቀሰና በ2011 ተሰናበተ። በ2012 የወጣው አዲሱ ባለ ፎቅ ስንት ደረጃ ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ሁለት! አንዱ አንሶን።

መቼም ከሲንጋፖር እስከ ደብሊን፣ ከበርሊን እስከ ሆንግ ኮንግ ተፈላጊ እንደሆኑ አውቃለሁ። መንገድ ሲጠብ ሰውን ወደ ላይ መደርደር ነው እንጂ ምን ይደረጋል። ግን ያናደደኝ ምን መሰለዎት፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንዳንድ አዳዲስ አውቶቡሶች ላይ ቀጥ ብለው ታይተዋል። ለካ ይችላሉ! እኛን የሚያጥመለምሉን ታዲያ ምን በድለንዎት ነው?

ከሰላምታ ጋር፣
መሀል ላይ የቀረው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለፍሬኑ፤
ለሹፌሩ (እስክንቀመጥ ቢታገሱን)፤
ለላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር (አንተን እንወድሃለን፣ ችግራችን ከዘበኛህ ጋር ነው)።