የእናቴን ጭስ መውጫ በሲሚንቶ አነቁት

ዛሬ ጠዋት ኮረንቲ ስለጠፋ እናቴ ምጣዷን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ከአጥሩ ሥር ሦስት ጉልቻ ጎልታ፣ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የእሳት ወላፈን ተጨምሮባት እንጀራ ስትጋግር አየኋት። ከተቀመጠችበት አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ከእኔ ዕድሜ በላይ ያገለገለ የግንብ ጭስ መውጫ ያለው ወጥ ቤት አለን፤ እዚያ ውስጥ እሳት ማንደድ ካቆምን ግን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ጭስ መውጫውን እርጅና አልገደለውም። ሊጠግኑት የመጡ ሰዎች ናቸው በሲሚንቶ አንቀው የገደሉት፤ ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ንዴቴ እጥፍ ነው።

ቤታችን ከዚራ ውስጥ ነው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከጣቢያው ጋር አብሮ የበቀለው ሰፈር። አያቴ ቤቱን የገዙት የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳሉ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱም ብቸኛ መኖሪያችን ስለነበረ ተረፈልን። ግድግዳው ክንድ የሚሞላ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን እርስ በርሱ ያያያዘው ኖራና አሸዋ ነው እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዚህችው በድሬዳዋ የተቋቋመው ቤቱ ከተሠራ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር፤ ቤታችንን የገነቡት ሰዎች በዙሪያችን ካሉት ኮረብቶች የኖራ ድንጋይ አቃጥለው፣ በውኃ አብርደው፣ ከወንዝ አሸዋ ጋር ለውሰው ነው የሠሩት። ጭስ መውጫውም እንደዚያው ተሠርቶ ከቆርቆሮው በላይ አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ ለስንት ዘመን ቆሟል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል በአንድ ጎኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራም በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፍ ጀመር። ግንበኛ ጠራሁ። ሰውየው ግቢው መካከል ቆሞ፣ እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየና፣ «አቦ ይሄ ቀላል ነው፣ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃዋል» አለኝ። መሰላል አልጠየቀም። ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ውስጡን በባትሪ አላየም፤ ድንጋዩ በምን እንደተያያዘም አልጠየቀም። በማግሥቱ ከነልጁ መጥቶ ውጪውን በሙሉ ከአፉ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በሲሚንቶ ለሰነው። ሲጨርስ አዲስ መስሎ ስለነበር እናቴ መረቀችው፤ እኔም የተስማማንበትን ሒሳብ ሳልከራከር ሰጠሁት።

በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ተሰነጠቀ፤ በሦስተኛው ደግሞ በሰፌድ ልክ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ሲወድቅ የድንጋዩን ፊት ይዞት ወረደ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ከሥሩ የወጣው ድንጋይ ከመለሰኑ በፊት የነበረው ደረቅና ጠንካራ ድንጋይ አልነበረም፤ እርጥብ፣ ነጭ የጨው ዱቄት የወረሰው፣ በጥፍር የሚፋቅ ነገር ሆኗል።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ያስረዱኝ ለግንበኝነት የተከፈላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ከመጋላ ሰፈር ማዶ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት ናቸው። ወጣት ሳሉ ኖራ ሲለወስ ያዩ፣ ድንጋይ እየጠረቡ ያደጉ ሰው ናቸው። መሰላሉን ያዝልኝ አሉና በዚያ ዕድሜያቸው ወጡ፤ የኪስ ቢላዋቸውን አውጥተው የድሮውን መገጣጠሚያ ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ ቢላዋው በቀላሉ ገባ፣ መካከሉ ላይም የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ የኖራ እብጠቶች ታዩ። «አየህ ልጄ፣ ይህ ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ያ ሰውዬ ግን በላዩ ላይ ፕላስቲክ ነው ያለበሰው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይና ኖራ የዝናብ ውኃን ይጠጣሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሰው በትነው ይደርቃሉ። ሲሚንቶ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ትነቱን አያሳልፍም። ጭስ መውጫ ደግሞ ከማንኛውም ግድግዳ የበለጠ ይሠቃያል፤ ከውስጥ እሳት ያሞቀዋል፣ ከውጪ የእኛ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ድንገተኛ ዝናብ በአራቱም ጎኑ ይደበድበዋል። ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ለስላሳው ኖራ ይህን እንቅስቃሴ እሺ ብሎ ይቀበላል፤ ደረቁ ሲሚንቶ ግን አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። በዚያች ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውኃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ውኃው ጨውን አሟሙቶ ከሲሚንቶው ጀርባ ያከማቻል፤ ጨው ሲደርቅ ይጓጎላል፣ ሲጓጎል ይሰፋል፣ የድንጋዩንም ፊት ከውስጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ማያያዣው ምንጊዜም ከድንጋዩ ይልቅ ደካማ መሆን አለበት፤ አንዱ መጎዳት ካለበት በየጥቂት አሥርተ ዓመታት ሊተካ የሚችለው መገጣጠሚያው ይጎዳ እንጂ ድንጋዩ አይጎዳ። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ግንበኛ በአራት ዓመት ውስጥ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነበር። ውኃው የሚገባው ከላይ ነው ብሎ ነገረኝ፤ በዚህስ አልተሳሳተም። መፍትሔው ግን አፉ ላይ ብረት ያለው ኮንክሪት መሙላት ሆነ። የጭስ መውጫ ክዳን ውኃው እንዲንሸራተት ወደ ውጪ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ጠርዙም ከግንቡ ጥቂት ጣት ወጥቶ ከሥሩ ቦይ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ ውኃው በግንቡ ፊት ላይ ይወርዳል። ይህ ሰው ሜዳ የሆነ፣ ጠርዝ የሌለው፣ እጅግ የከበደ ክዳን ጫነበት፤ የጭሱን ቀዳዳም ከግማሽ በላይ ደፈነው። ምክንያቱን ስጠይቀው «ወፍ እንዳይገባ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭሱ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ፤ እናቴም ዓይኗን እያሸች መውጣት ጀመረች።

ስለ ጭሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከማገዶና ከመሳሰለው የሚወጣ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ገምቷል። የከሰል እሳት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዓይን ስላላቃጠለ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ኮረንቲ እየጠፋ ወደ ማገዶ በምንመለስበት ከተማ የጭስ መውጫን ቀዳዳ መድፈን የሰው ሳንባ ላይ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ጭራሽ መጠገንን አልፈለገም። «ይፍረስና ላሜራ ቱቦ እናቁምልህ» አለኝ። ላሜራ በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ ቦታውን ካገኘ ያገለግላል። እሱ ግን ግንቡ ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንኳ አላየም፤ ያ ቦታ ከዚህ በፊት በሬንጅ የተደፈነ ነበር፣ ሬንጁ በየበጋው ቀልጦ በየክረምቱ ያፈሳል፣ የጣሪያው እንጨትም ከሥሩ በስብሷል። ከግንቡ መገጣጠሚያ ውስጥ ተቀርቅሮ በቆርቆሮው ላይ የሚታጠፍ ቆርቆሮ ቢደረግበት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አፍርሶ የመሄድ ሐሳብ ቀላል የሚሆነው ማግሥቱን ለማያይ ሰው ነው።

በዚህ መሐል የጎንደርን ነገር ሳስብ ይበልጥ እቆጫለሁ። የፋሲል ግቢ የተገነባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ ነው። በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኑት፤ ያ ጥገና ተገቢ አለመሆኑ ታውቆ በኋላ የተሠራው ጥገና ወደ ኖራ ተመለሰ። ስለዚህ ዕውቀቱ በአገራችን አለ፣ በሥራም ተፈትኗል። ለቤተ መንግሥት የታወቀው ነገር ለእናቴ ወጥ ቤት እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? የሕንፃ ሥራ የሚማሩ ልጆች ስለ ብሎኬትና ስለ ኮንክሪት ይማራሉ፣ መማራቸውም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በከዚራ መንገዶች ዳር ከጥላ ዛፎቹ ሥር የቆሙት ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ድንጋይና ኖራ ሆነው ሳለ ኖራ መለወስን የሚያሳያቸው ሰው ከሌለ እነዚህን ቤቶች ማን ሊጠግናቸው ነው?

ኖራውን ራሱ ማግኘትም ሌላ መከራ ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ በተቀመጠ ከተማ ውስጥ ለግንብ የሚሆን ኖራ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተንከራተትኩ። ቀፊራ ገበያ ጠየቅሁ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮችን አዳረስኩ፤ ያገኘሁት ለቀለም የሚሸጥ፣ ከረጢቱ ተቀዶ ለወራት አየር ሲመታው የከረመ ዱቄት ነበር። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ በከረጢት ውስጥ እያለ አየር ከመታው እዚያው ሥራውን ጨርሷልና ከአሸዋ ጋር ቢለወስ አይይዝም። ይህን ለሻጩ ስነግረው «ታዲያ ሲሚንቶ አትወስድም?» አለኝ። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

የጎረቤታችን ጉዳይ ከእኛም የባሰ ነው። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ስለሆነ ጭስ መውጫቸው ዘንበል ብሎ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ቢያዘነብልም ያለ ፈቃድ መንካት አይችሉም፤ ማመልከቻ ካስገቡ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ጭስ መውጫ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ካንተርበሪ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ በየመኖሪያ ሰፈሩ ጣሪያ እየበሱ የወደቁት እንዲህ ያሉ አሮጌ የግንብ ጭስ መውጫዎች ናቸው። ከጣሪያ በላይ ብቻውን የቆመ፣ ማያያዣው የረገፈ፣ አናቱ ላይ የኮንክሪት ክዳን የተጫነበት ግንብ ለመውደቅ ትልቅ ምክንያት አይፈልግም። ማመልከቻው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው አንድ ቀን እግሩን አንቀሳቅሶ መጥቶ ቢያይ እመኛለሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። ያንን የኮንክሪት ክዳን በመዶሻ ከማፍረስ ይልቅ በጥንቃቄ ቆርጬ አወረድኩት፤ ሥሩ ያለው ድንጋይ እንዳይናጋ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የቀረውን የሲሚንቶ ልስን በቀጭን መሮ እያነሣሁ ነው፤ ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ ሲሆን እተወዋለሁ። ከውስጥ ደግሞ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥላሸትና የድሮ የወፍ ጎጆ አውጥቻለሁ፤ ያ ጥላሸት ራሱ እሳት ቢይዝ ጣሪያውን ያቃጥል ነበር። አዛውንቱ ባሳዩኝ መሠረት ያልበረደ፣ ማለት ተቃጥሎ ገና ውኃ ያልነካው ኖራ ከሐረር መንገድ በኩል አስመጥቼ፣ ዓይኔን ሸፍኜ በውኃ አበረድኩት፤ ኖራ ሲበርድ እንደ ወጥ እየፈላ ስለሚረጭ ልጆች እንዳይቀርቡ አድርጉ። አሁን በበርሜል ውስጥ ውኃ ተኝቶበት እየበሰለ ነው። ሲደርስ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ከታጠበ አሸዋ ጋር ለውሼ፣ መገጣጠሚያዎቹን ሁለት ጣት ያህል ጠርጌ፣ ድንጋዩን አርጥቤ እሞላዋለሁ፤ በእኛ ሙቀት ቶሎ ደርቆ እንዳይረግፍም ለብዙ ቀናት እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ።

ይሁን እንጂ እኔ ግንበኛ አይደለሁም፤ አዛውንቱም ዳግመኛ መሰላል እንዲወጡ መጠየቅ ሐፍረት ነው። ከላይ የተናጉትን አራት ረድፍ ድንጋዮች አውርዶ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ ክዳኑን አዘንብሎ የሚሠራ፣ በኖራ የሠራ እጅ ያለው ሰው በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አገናኙኝ። ሒሳቡን አልከራከርም። የምጠይቀው መጀመሪያ መሰላል ላይ ወጥቶ እንዲያየው ብቻ ነው።